ከግራ የሚመጣው

መጋቢት 4

ሙቀት። የሜኮንግ ወንዝ ጎድሏል፤ የጀልባ ማቆሚያው መድረክ እግር እስከ ጭቃው ድረስ ታየ። ከጠዋት ጀምሮ ተማሪዎች፣ ዳክዬ የጫነ ሰውዬ፣ አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ... ሁሉንም አሻገርኩ። ስመለስ ጀልባዬን ከመድረኩ ምሰሶ ጋር አላተምኳት። በግራ በኩል። ካንግ ገመዱን ይዞ ከላይ ሳቀብኝ።

«ሃያ ዓመት እዚያው የቆመ ምሰሶ እኮ ነው! ዛሬ ነው ያስቸገረሽ?»

ባል ተብዬው! እኔም ሳቅኩ። ምሳ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ። የተላጠውን ቀለም ነገ እቀባዋለሁ።

መጋቢት 19

አናናስ ሻጯን እትዬ ሃንን ገጨኋት።

በትንሿ ታንኳዋ አናናስ ጭና ከግራ እየቀዘፈች ነበር አሉ። እኔ ግን... ምንም። ውሃ ብቻ። ከዚያ ኳ! ከዚያ ጩኸት። ከዚያ አናናሱ ሲንሳፈፍ። ተሳፋሪዎቹ ጎትተው አወጧት። ክንዷ ተሰብሯል።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትነጂው? ስጮህልሽ፣ ስጮህልሽ!»

በሞተሩ ድምፅ አልሰማሁም፤ እሺ። ግን እንዴት አላየሁም? በጠራራ ፀሐይ? ከየት መጣች?

መጋቢት 24

ለካንግ «ሆስፒታል ሄጄ እትዬ ሃንን ልጠይቃት» ብዬው ወጣሁ። ጠየቅኋትም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከእሷ ወጥቼ ወደ ዓይን ክፍል።

አገጬን አንድ መሣሪያ ላይ አስደገፉኝ። ብርሃን ባየሁ ቁጥር ቁልፉን እንድጫን ነገሩኝ። ጠበቅሁ... ጠበቅሁ።

«አልተጀመረም እንዴ?» አልኩ።

ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ናት። ቀስ ብላ «ከጀመርን ቆየን፣ እናቴ» አለችኝ።

ግላኮማ። የዓይን ግፊት ነው አለች። የግራ ዓይኔን ዳር ዳር በልቶታል፣ ቀኙንም ጀምሮታል። አያምም፣ አይቀላም። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሲበላኝ ኖሯል።

«መድኃኒቱ ይመልሰዋል?»

«የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን እንዲያቆይልዎት ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ዕድሜ ልክ።»

ጀልባ እነዳለሁ ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዲህ ሆነው ሰው መጫን የለብዎትም» አለች። «ደግሞም በዘር ይሄዳል፤ ወንድም እህት ካለዎት እነሱም ይመርመሩ።»

ያለኝ ወንድሜ ቪን ብቻ ነው።

መጋቢት 25

ነዳሁ። ምን ልሁን? አንገቴን እንደ ዶሮ ወደ ግራ እያዞርኩ። ለካንግ «የዓይን ድርቀት ነው፣ ጠብታ ሰጡኝ» አልኩት።

ሚያዝያ 8

ጠብታው ያቃጥላል። የአባባ ነገር ይመላለስብኛል። በስተርጅናው ከበሩ ጋር ሲላተም፣ ሳህን ሲደፋ «ዕድሜ ነው» እያልን እንስቅ ነበር።

ዕድሜ ነበር?

ሚያዝያ 15

የአባባ ሙት ዓመት። ወንድሜ ቪን ከከተማ መጣ፤ ሩዝ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው። ዳክዬ ጠበስን፣ ፎቶው ፊት ፍራፍሬ ደረደርን። ቪን መጠጡን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ብርጭቆውን ስቶ አለፈው።

«ሳትጠጣ ሰከርክ!» አሉት። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ።

እኔ አልቻልኩም። ጓሮ ጠራሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ለካ ካንግ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል...

«እትዬ፣ የታመምሽው አንቺ ነሽ» አለ ቪን። «እኔን ምን አገባኝ?»

«ቀኝ ዓይንህን በእጅህ ሸፍን።»

«ተይኝ እባክሽ...»

«ሸፍን አልኩህ!»

ሸፈነ። ከዚያ በሕፃንነቱ ድምፅ «እትዬ፣ የት ሄድሽ?» አለኝ።

ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር።

ሚያዝያ 16

ካንግ የሞተሩን ቁልፍ ወሰደ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እያወቅሽ፣ ቶአ? እነዚያን ሁሉ ልጆች ጭነሽ?»



ግንቦት 2

የቪን ግራ ዓይን አልቋል። ቀኙም ተጎድቷል። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት። ስልክ ደውሎ «ባትነግሪኝ ኖሮ ዛሬም መሪዬን ይዤ ነበር» አለኝና ዘጋው።

እውነቱን ነው። ሰው እስኪገድል ድረስ ይዞት ይኖር ነበር።

ሰኔ 11

ዝናብ። ጀልባዋ ተሸጠች። የገዛት ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ ቤት ሆኜ ሰማሁት። ሳያሞቀው ነው የሚለቀው። ዝናቡ ውስጥ ይዟት ሄደ። ካንግ ምሳ ቢያቀርብልኝ አልወረደልኝም። ጠብታውንም ሳልጨምር ዋልኩ። የቀረውን አቆይቼ ምን ላይበት ነው?

ሰኔ 12

ጨመርኩ።

ነሐሴ 20

ቪን ጓዙን ይዞ መጣ። ይቅርታ አላለም፣ እኔም አልጠበቅሁም። «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጠብታው ጉንጬ ላይ ነው የሚቀረው» አለ። አልጋው ላይ አጋደምኩትና ጨመርኩለት።

«ያቃጥላል።»

«ያቃጥላል።»

ካንግ ሦስተኛ ሳህን አቀረበ።

ጥቅምት 7

ወንዙ ሞልቷል። ከቪን ጋር ለምርመራ ተሻገርን። እኔ በተሳፋሪ ወንበር ላይ... አዲሱ ነጂ ማዕበሉን በጎን ተቀበለና በውሃ አራሰን። አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጥኩት።

ሐኪሟ «የእርስዎ አልባሰም» አለችኝ። ደስ አለኝ! «አልባሰም» ሲሏት ደስ የሚላት ሴት ሆኛለሁ። ከዚያ ወደ ቪን ዞረች።

የእሱ ብሷል።

ተመለስን። ጀልባዋ ስትጠጋ ሌሎቹ ወረዱ፤ ቪን ግን መውረጃው ሳንቃ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሳንቃው ጠባብ ነው፣ ዝናብ አርሶታል። ክርኑን ያዝኩት።

«ወደ ታች ብዙ ነው?»

«ትንሽ ነው። ግራህን አውርድ። አሁን ቀኝህን።»

«አንቺስ ታያለሽ?»

«ፊት ለፊቴን።»

«ይበቃል» አለ።

ወረድን።