ጣርማ በርን መውጣት ያቃታት ፒክአፕ

ኅዳር 6፣ ጠዋት

ፒክአፗ ላይ የሞተር ዘይት ጨምሬ ተነሣሁ። ትናንትም ጨምሬ ነበር። ጭሷ ሰማያዊ ሆኗል። ሽንኩርቱን ከቀወት ማሳ ጭኜ ሰንበቴ አደረስኩ። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ አላሳፈረችኝም። ለደ/ሲና የተገኘውን ጭነት ግን እምቢ አልኩ። ነጋዴውን ቀጠሮ አለኝ አልኩት። ውሸት ነው፣ ማስታወሻዬ። ዳገቱን አትወጣም።

የኪ.ሜ. ቆጣሪዋ መቁጠር ከተወ ቆየ። ስንገዛትም አሮጌ ነበረች። ስንገዛት ስል፣ እኔና ባለቤቴ ሞላ።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት

ጋራዥ። ጋሽ እንድሪስ ሞተሩን አስነሥተው ብዙ አዳመጡ። ሲሊንደሩ ተበልቷል አሉ። የፒስተን ፋሻ ብቻ መቀየር አያዋጣም። ወይ ሞተሩ ወርዶ፣ ብሎኩ አ.አ. ቶርኖ ቤት ተስተካክሎ፣ እንደ አዲስ ይገጠማል። ወይ እንዳለች ትሸጣለች። ካራቆሬ ለሜዳ ሥራ የሚፈልጋት ሰው አለ።

"እርስዎ ቢሆኑስ ምን ያደርጉ ነበር?" አልኳቸው።

"ዳገት ልታወጪያት ነው? ለሜዳ ከሆነ አትልፊ፣ ልጄ። ሽጫት።"



አመሻሽ ላይ

ሞላ ከሚሌ ደወለ። የጅቡቲ ተሳቢ ይነዳል። ለአንድ ዓመት ብሎ ነው የወጣው፤ ዓመቱ ካለፈ ስንት ጊዜው። አሁንም ሽጫትና አዳማ ነይ ይላል። ቤት ተከራይቷል። ውሃ አለው፣ ግቢው ሰፊ ነው ይላል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል አልኩት። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

ድሮ አብረን ነበር የምንጭነው። እስከ ደ/ሲና እሱ ይነዳል፣ ከዚያ በላይ እኔ። የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ ብርዱ በጥፊ ይለናል። ቆመን ቅቅል ድንች እንገዛለን፣ ጣታችንን እያቃጠለን እንልጣለን። አንድ ጋቢ ለሁለት። እሱ አፉ ሞልቶ ያወራል። ምን እንደሚያወራ አላስታውስም። ድምፁን ብቻ።

ኅዳር 11

ጭነት የለም። ቆማለች። ጋቢናዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ እኔ ስነዳ እሱ በሚቀመጥበት በኩል። እዚህ ሮቢት ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ተራራው ላይ ጉም ተኝቷል። ላብ እያጠመቀኝ ብርድ ናፈቀኝ። ብርድ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት።

ይበቃል። ትሸጣለች። ለካራቆሬው ሰውዬ ደወልኩ።

ኅዳር 13

መጣ። ጨዋ ሰው ነው። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ከሥር አጎንብሶ አየ። ከዚያ መሪው ጋ ተቀመጠና ወንበሩን ለእግሩ እንዲመቸው ወደ ኋላ ገፋው። ምን እንደያዘኝ አላውቅም። "ይውረዱ" አልኩት። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አልኩት። ተቀየመኝ። እውነት አለው።

ወንበሩን መልሼ ወደ ፊት ሳብኩት። 

ኅዳር 14

ጋ/እንድሪስ ሞተሩን አወረዱት። ለሞላ ነገርኩት፤ አሳድሳታለሁ፣ አዳማ አልመጣም።  "እሺ" ብሎ ዘጋው። እሺ ብቻ።

 ሞተር ልጠግን ብዬ ትዳሬን አፈረስኩ ይሆን?

ኅዳር 17፣ ጠዋት

ማስታወሻዬ! የሞላ ተሳቢ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። እመጣለሁ አላለኝም። ከስቷል። ሰላም ሳይለኝ ብሎኩ ጋ ቁጢጥ ብሎ በመዳፉ ጠረገው።

"ተቆጣህ?" አልኩት።

"ተቆጥቻለሁ።" ቀና አላለም። "ይሄን በማን ልትልኪው ነበር?"

"በአይሱዙ።"

"ባልሽ በዚህ መንገድ ማለፍ እየቻለ በአይሱዙ?"

እሱና ጋ/እንድሪስ ተሸክመው ከተሳቢው ጋቢና ኋላ በገመድ አሰሩት። እኔ ከሥሩ ጆንያ አነጠፍኩ። ከዚያ ሞላ እጁን በናፍጣ እየታጠበ፣ እኔን ሳያይ፣ እስከ አ.አ. ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው አለ። ሥራ አለብኝ አልኩ። ጋ/እንድሪስ ሳቁብኝ፤ ሞተር የሌላት መኪና ይዘሽ የምን ሥራ ነው አሉ።

በአዳማ ጉዳይ አልተስማማንም። እሱም ቤቱን አልለቀቀም፣ እኔም ሮቢትን። መንገድ ላይ እንጣላበታለን። ይሁን። ስንት ወር ሙሉ በስልክ ብቻ ነው የተጣላነው፣ ፊቱን እያየሁ ልጣላው።

እሄዳለሁ። ጥሩንባውን እየነፋ ነው። ፀጉሬን እንኳ በቅጡ አላበጠርኩም።