ዝም ያልኩበት ቁና

አባዬ፣

ከተለየኸን አራት ክረምት አለፈ። በሕይወት ሳለህ «አንቱ» ነበር የምልህ፤ ዛሬ ግን አንተ ልበልህ። የምነግርህ ነገር በአንቱታ አይወጣልኝም። የምጽፍልህ የየዕለት ውሎዬን በማሰፍርበት ደብተር ላይ ነው። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነግሬያቸዋለሁ፤ የቀረው ግማሽ ያንተ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራህ። እናቴ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። የእህል መጋዘኑን ጣራ ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ፤ አሁን ዝናብ ሲመጣ ጆንያ ከጥግ ወደ ጥግ አንጎትትም። በቅሎህን ሸጫታለሁ። አትቆጣ፤ ከደምቢያ፣ ከቆላ ድባ እህሉ የሚመጣው በማኪና ሆኗል፣ እሷም አርጅታ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ያለው ቦታህ እንደ ያዝነው ነው። ጎረቤታችን እህል ነጋዴው አያ ፈንታ ሊገፋኝ ሞክሮ ነበር። «ሴት ልጅ ምነው ፀሐይ ላይ ትጠበሻለሽ? ወደዚያ ወደ ጥላው ብትሄጂ አይሻልሽም?» አለኝ። «ጥላውን ላንተ ትቼልሃለሁ፣ አያ ፈንታ፤ ዕድሜህ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነን።

አሁን ወደ አስማረ ልምጣ። ስለ ታናሽ ወንድሜ ስጽፍልህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልጅህ አዲስ አበባ ሆኖ ለሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርነት እየሠለጠነ ነው። የመጨረሻ ዓመቱ ስለሆነ ማስተማር እንዲለማመድ ለጥቂት ወራት ወደዚህ ወደ ጎንደር ልከውታል። አንድ ህንዳዊ ተቆጣጣሪ ሁለት ጊዜ ክፍል ገብቶ ያየዋል። ተቆጣጣሪው ካልወደደለት የሚመደበው ለትንንሾቹ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ይቀርበታል።

ከመጣ ጀምሮ ቤቱ የእሱ ሆነ። እናቴ ያንተን ወንበር ሰጠችው። ጎረቤቶች በሩ ላይ «መምህር አሉ?» እያሉ ይቀልዳሉ፤ እሱም እንደ ሙሽራ ይሽኮረመማል። ይህን ቤት ደግፌ ስይዝ ለእኔ ወንበር የለቀቀልኝ የለም። ሸሚዙን የምተኩስለት ግን እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እጁን አስታጥበዋለሁ፤ የጠመኔው ነጭ ከጣቶቹ ሲወርድ አያለሁ። ከእኔ እጅ የሚወርደው የጤፍ አቧራ ነው። በዚያ ነጭ ውሃ ቀናሁ፣ አባዬ። ሌላ ስም ላወጣለት ሞክሬ ነበር፤ ድካም ነው አልኩ፣ ቁጣ ነው አልኩ። ቅናት ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ሲመዘግብ ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁመህ የጠየቅከንን ታስታውስ ይሆን? ይህን ያህል ቁና ለእነዚህ ቤቶች ቢካፈል፣ ከዚያ ላይ ይህን ያህል አይጥ ቢበላው፣ እያልክ። አስማረ ጣቱን ሲቆጥር እኔ መለስኩ። አከበድከው፤ አሁንም መለስኩ። ከት ብለህ ሳቅክና ራሴን ዳበስከኝ። «ይቺስ ለገበያው ናት፤ ማንም አያታልላትም» አልክ። በማግስቱ አስማረን ይዘኸው ሄድክ። እኔ በመመስገኔ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ምን እንደ ተደረገብኝ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ሊያየው ቀጠሮ በያዘ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ አስማረ መጋዘን መጣ። «እታለም፣ እስቲ ተማሪ ሁኚልኝ» አለኝ። ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ የመጋዘኑን በር ሰሌዳ አድርጎ በጠመኔ ጻፈበት። እኩልታ ይሉታል፤ የማይታወቀውን ቁጥር በፊደል ተክተው ይፈልጉታል። ሸጋ አድርጎ ነው የሚያስረዳው፤ ይህን አልክደውም። እንዲህ የሚል ምሳሌ አመጣ። አንድ ገበሬ በቆላ ድባ ሰባ ሁለት ቁና ጤፍ ሰፍሮ ይጭናል፤ ጎንደር ገበያ አምጥቶ ለዘጠኝ ሰዎች እኩል ያካፍላል፤ እያንዳንዱ ገበያው ላይ ስንት ቁና ይሰፈርለታል? «ስምንት» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረበት።

የደምቢያ ቁና ከከተማችን ቁና እንደሚተልቅ አንተ ነህ ያሳየኸኝ። እዚያ ስምንት የሆነው እዚህ ሲሰፈር አሥር ይወጣዋል። ትርፋችንም ሆነ ኪሳራችን ያለው እዚያች ልዩነት ላይ ነው። አስማረ በልጅነቱ ለትምህርት ስለወጣ ቁና በእጁ ይዞ ሰፍሮ አያውቅም፤ ለእሱ ቁና ስም ብቻ ነው። ጠመኔውን በጣቶቹ እያሽከረከረ «ገባሽ?» አለኝ።

«ገባኝ» አልኩት።

በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ አዳሪ ተማሪዎች ወጥ ቤት የማቀርበውን ጤፍ ሰዓቱን መርጬ ወሰድኩ። ካወረድኩ በኋላ በክፍሉ መስኮት ሥር ቆምኩ። ምሳሌውን እንደ ትናንቱ አስረዳ፤ ስምንትን ጻፈ። አንዲት የነጋዴ ልጅ ተነሣች።

«መምህር፣ በየትኛው ቁና?»

«ቁና ቁና ነው» አለ ወንድሜ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ «የደምቢያው እኮ እዚህ ሲመጣ አሥር ነው» ስትል፣ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «መምህር ጤፍ የሚገዙት ከመድኃኒት ቤት ነው እንዴ?» አለ። ህንዳዊው ምን እንዳሳቃቸው በእንግሊዝኛ ጠየቀ። አስማረ ወደ መጽሐፉ አጎነበሰ። ሰውዬው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ደስ አለኝ፣ አባዬ። ላንተ አልደብቅህም፤ ሳቃቸው ውስጤን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ አራሰው። ከዚያ ወንድሜ ፊቱን ወደ ሰሌዳው መለሰና ስምንቷን በመዳፉ አጠፋት። ጨርቁ አጠገቡ ነበረ፤ አላየውም። ጀርባው ያንተን ጀርባ ይመስላል። ባዶ ጆንያዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ከትምህርት ቤቱ እስከ ፒያሳ ማን ሰላም እንዳለኝ አላውቅም።

ቤት ሲመጣ ምሳውን አልነካም። እናቴ ዓይን በልቶታል ብላ ጠበል ልታመጣ ወጣች። ሁለታችን ስንቀር «አውቅ ነበር» አልኩት። ምን እንደማውቅ አልጠየቀኝም፤ ወዲያው ገባው።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ፣ እታለም?»

«አንተ ስትማር እኔን ማንም አልጠየቀኝማ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። «እኔም አልጠየቅኩሽም» አለኝና እንጀራውን ወደ እኔ ገፋው። ለሦስት ቀን ያህል የምንነጋገረው ስለ ውሃና ስለ ጨው ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን መጋዘን መጥቶ ሁለቱን ቁናዎች፣ የደምቢያውንና የጎንደሩን፣ ለክፍል እንዳውሰው ለመነኝ፤ ተቆጣጣሪው ተመልሶ የሚመጣበት ቀን ደርሶ ነበር። «ቁናዬን ለማያውቅ ሰው እጅ አልሰጥም፤ ራሴ ይዤው እገባለሁ» አልኩት። ነገሩን ያልኩት እምቢ እንዲል ነበር። እሺ አለ።

እንዲህ ሆኖ ከመጽሐፍ ጋር ያልገባሁበት ክፍል ጤፍ ይዤ ገባሁ። ህንዳዊው ከኋላ ተቀምጧል፤ አርባ ልጅ አፍጥጦ ያየኛል። በደምቢያው ስምንት ሰፈርኩ፤ ያንኑ በጎንደሩ መልሼ ስሰፍር ልጆቹ አብረውኝ ቆጠሩ፤ አሥር ሲሉ ድምፃቸው ጣራውን ነካ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የአስማረ ሆነ። ሁለቱን ቁናዎች በሁለት ፊደል ተክቶ ሰሌዳውን በእኩልታ ሞላው፤ ያቺ የነጋዴ ልጅ እንኳ እጇን እያወጣች እንዲጠይቃት ለመነችው። እኔ ጥግ ቆሜ መልሱን ከሁሉም ቀድሜ በልቤ እደርስበት ነበር። የጠየቀኝ አልነበረም። ሲጨርስ አጨበጨቡ፤ ያጨበጨቡት ለእሱ ነው።

አለፈ። ተቆጣጣሪው የጻፈለትን ወረቀት አስማረ እያነበበ ተረጎመልኝ። «መምህሩ የእኅቱን ዕውቀት ወደ ክፍል ማምጣቱ የሚደነቅ ነው» የሚል አለበት አለኝ። ከየኔታ ፊደል ብቆጥርም እንግሊዝኛ አላነብም። በእርግጥ ተጽፎ ይሁን፣ እሱ እኔን ሊያስደስት ጨምሮት ይሁን አላውቅም። አንድ አንባቢ ፈልጌ ማስነበብ እችል ነበር፤ ወረቀቱንም ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ሄዷል። አላስነበብኩም።

አሁን ምሳሌዎቹን ሁሉ ክፍል ከመግባቱ በፊት ይነግረኛል፤ የተሳሳተውን እነግረዋለሁ። ቅናቴ ግን አለቀ ብዬ አልዋሽህም። ጠመኔ ባየሁ ቁጥር ይነሣል። ከአሁን ወዲያ ግን ስሕተት እያየሁ ዝም አልልም፤ ያንተንም ቢሆን።

ሙት ዓመትህን በየዓመቱ አወጣለሁ። ለሚጠይቀኝም ሸጋ አባት ነበር እላለሁ፤ እውነት ነው። አልረሳህም፤ የማስታውስህ ግን ሳልጨምርልህና ሳልቀንስብህ ነው። ሁለት ልጆች ነበሩህ፣ አባዬ። ሁለታችንንም መላክ ትችል ነበር። ይህንንም ጨምሬ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ስመኝ