የስቱዲዮህ ባሕር ቀለም

መስፌ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። የሙት ዓመት ተዝካርህን በኅዳር አወጣን፤ ጥቁሬንም በሳምንቱ አወለቅሁ። እህትህ እትዬ ዘነበች ቸኮልሽ አለችኝ። ዓመት ማለት ዓመት ነው አልኳት። ይህን የምጽፍልህ አንተ ስትስቅበት በኖርከው የዕለት ማስታወሻዬ ላይ ነው። «ዝናብ ዘነበ፣ በቆሎ ረከሰ፣ ዝናብ አባራ» እያልክ ጮክ ብለህ ታነበው ነበር። ዛሬ ስለ በቆሎ ብዙ አልጽፍም። ሌላ ሰው ቢያነበውም ግድ የለኝም፤ የምነግርህን ነገር አምቦ ከእኔ ቀድሞ አውርቶ ጨርሷል።

ነገሩ ስለ ደሴቶቹ ነው። ያቀድነውን ጉዞ ልተወው ወይስ ብቻዬን ልሂድ እያልኩ ከተዝካሩ ወዲህ ስመዝን ቆይቻለሁ። የት እንደደረስኩ ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ልጃችን ሳምራዊት ሴት ልጅ ወልዳለች። ጆሮዋ ያንተ ነው፤ ከአሁኑ በኮፍያዋ ጎን ይወጣል። የበረንዳው ቆርቆሮ ተቀየረ። ጎረቤታችን አጥሩን ወደ እኛ ገፋ ሊያደርግ ሞክሮ በሽማግሌ ተመለሰ። ስቱዲዮህን አከራየሁት። የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ሰው ገብቶበታል፤ ሰው አስቀምጠህ «አገጭ ቀና» ትልበት በነበረው ጥግ አሁን የስልክ ሽፋን ተንጠልጥሏል። ባዶ ቤት ይበሰብሳል፤ ስለዚህ አላመነታሁም። መብራቶችህንም ሸጥኩ። ከሰው ጀርባ የምትሰቅለውን፣ ባሕር የተሣለበትን ሸራ ግን አልሸጥኩትም። ጠቅልዬ የእህል መጋዘኔ ውስጥ፣ አይጥ በማይደርስበት ከፍታ ላይ አስቀመጥኩት።

ያ ሸራ ስንቱን ድሯል። ከጌዶ የመጡ ሙሽሮች፣ የጊንጪ ተመራቂዎች፣ ለገበያ መጥተው በዚያው ፎቶ የሚነሡ ባልና ሚስቶች፣ ሁሉም ከዘንባባው ሥር፣ ከትንሿ ጀልባ አጠገብ ቆመዋል። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ባሕር ዳር የተነሣው ፎቶ በቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። አሸዋው የተሣለበት የታችኛው ጠርዝ በሙሽሮች ጫማ ተልጦ ነጭ ሆኗል።

ኦቦ ቶሎሳ የመጣበትን ቀን ታስታውሰዋለህ። ከባኮ በቆሎ የሚያመጣልኝ እሱ፣ ከሚስቱ ጋር ሊነሣ ገባና ሸራውን አየ። «መስፍን፣ ይሄ ውሃ አይደለም፤ ሳሙና ገብቶበታል» አለህ። አንተ እውነተኛ ቀለም ነው አልክ። «ጊቤን አውቃለሁ፣ ወንጪን አይቻለሁ፣ የደንዲንም ሐይቅ አይቻለሁ። ውሃ እንዲህ አይሆንም» አለ። ክርክሩ ከረረና ሙክት ተወራረዳችሁ። ሚስቱ ቆማ ሰለቻት። «ፎቶው ይቅርና በጉን አሁኑኑ እረዱት» አለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሥዕል ሲጣሉ አየሁ እንጂ ነገሩ እዚህ ይደርሳል አላልኩም።

ከዚያ ቀን ጀምረህ ያንን ባሕር መፈለግ ያዝክ። ሸራውን የሸጠልህን የመርካቶ ነጋዴ ጠየቅኸው፤ አያውቅም። በመጨረሻ ስልክህን ስታገላብጥ ግሬናዲንስ የሚባሉትን አገኘህ። በካሪቢያን ባሕር ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ ትናንሽ ደሴቶች። ያው ዘንባባ፣ ያው ጀልባ፣ ያው ቀለም አልከኝ። ለእኔ ዘንባባ ሁሉ አንድ ነው። «እንሂድ» አልክ። የአምቦ ሰው ለዕረፍት ቢሄድ ሶደሬ ነው፤ ቢበዛ ሐዋሳ። እኔም ነገርህን እንደ ገበያ ድርድር ሰማሁት። ከላይ ይጀምርና ሐዋሳ ላይ ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልወረደም።

ዓመታት ወሰደ። አንዴ መንገድ ተዘጋ፣ አንዴ ኔትወርክ ጠፋ፣ አንዴ በሽታው መጥቶ ዓለም ሁሉ በሩን ዘጋ። አንተ ግን ከመርካቶ የገለባ ባርኔጣ ገዝተህ መጣህና በሐምሌ ጭቃ ራስህ ላይ አድርገኸው ወጣህ። የቀበሌው ልጆች «ቱሪስት» አሉህ። አላፈርክም። «እየለመድኩት ነው» አልካቸው።

ወሩን የመረጥነው አብረን ነው። መስከረም አልን። ፍልሰታ ተፈቷል፣ ሥጋ ይበላል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል። አዲሱ በቆሎ ገና ስላልደረሰ መጋዘኔ ተዘግቶ ቢሰነብት አይጎዳኝም። ከመስከረም የተሻለ ወር ከየት ይመጣል? እዚህ ማንንም ብትጠይቅ የሚልህ ይህንኑ ነው። በዚያ መስከረም ልንሄድ በነሐሴ ታመምክ፤ በኅዳር አረፍክ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ ላለችው የጉዞ ወኪል ደወልኩ። እስከ መጪው መስከረም ጊዜ አለኝ፣ ቢያንስ ዋጋውን ልወቅ ብዬ ነው። ለልጅቱ ወሩን ነገርኳት። «እማማ፣ እዚያ እኮ መስከረምና ጥቅምት የአውሎ ነፋስ ጊዜ ነው። ማን መረጠላችሁ?» አለችኝ። «እኛው» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ። ካረፍክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። አስበው እንግዲህ። የራሳችንን ክረምት በትዕግሥት አሳልፈን፣ አደይ ሲፈነዳ ጥለነው ሄደን፣ የሰው አገር ክረምት ውስጥ ያለ ጃንጥላ ልንገባ ነበር። አንተ ብርሃን አይተህ ሰዓት የምትናገር ፎቶ አንሺ፣ እኔ ደመናውን አይቼ ጆንያ የማስገባ ነጋዴ። ለሁለታችንም ሰማይ አንድ መስሎን፣ በእኛ ጾም፣ በእኛ ዝናብና በእኛ አዝመራ የሌላ አገር ጉዞ ቀጠርን። ያ ባርኔጣህ በመጀመሪያው ቀን በንፋስ ይሄድ ነበር።

ደግ ወር ጥር ነው አለችኝ። ነገሩ የከበደኝ እዚህ ላይ ነው። ጥር የባኮ በቆሎ ወደ እኔ የሚወርድበት ወር ነው። ዓመቱን ሙሉ የምሸጠውን የምሰበስበው ያኔ ነው። መስከረም ከእኔ ምንም አይፈልግም ነበር፤ ለዚህም ይሆናል ቶሎ እሺ ያልኩህ። ጥር ግን ይፈልጋል። ወይ ገበያው ወይ ባሕሩ ሆነ።

እትዬ ዘነበች ከሳምራዊት ሰማች። መጣች፤ ሳትቀመጥ በር ላይ ቆማ «ጥቁሯን አወለቀች የተባለው ሳይበርድ፣ ደግሞ ባሕር ልትዋኝ ሄደች ይበሉሽ?» አለችኝ።

«አልዋኝም እትዬ፤ መዋኘት አልችልም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልትሠሪ?»

«ላየው ነው።»

«ምኑን?»

«ቀለሙን።»

«ሁለታችሁንም አንድ ነገር ነክቷችኋል» ብላ ሄደች።

የሰው ወሬ ብዙ አይገደኝም። የእሷ ግን ገደደኝ፤ እናትህ ካረፉ በኋላ ያሳደገችህ እሷ ናት። ማስታወሻዬ ላይ «ደሴቱ ቀረ» ብዬ ጻፍኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ቶሎሳ የመጀመሪያውን ጭነት ይዞ መጣ። እያራገፍን ሳለ ነገሩን አነሣሁበት። ምክር ፈልጌ አልነበረም፤ ጥር ላይ ባልኖር እህሉን ለሌላ ነጋዴ ይሰጠው እንደሆነ ለማወቅ ነው። ጆንያ ላይ ተቀመጠና አቧራውን ከጉልበቱ አራገፈ። «አዴ አስካለ፣ በቆሎ እግር የለውም። እግር ያለሽ አንቺ ነሽ። እስክትመለሺ ከጎተራዬ አይወጣም» አለኝ። አመሰገንኩት። ሊሄድ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ዞር አለ። «አንድ ነገር ግን አለ። ሰውዬው ቢሞትም ውርርዱ አልሞተም። ውሃው እንደ ሸራው ከሆነ ሙክቱን አርዳለሁ። ካልሆነ ከአንቺ እቀበላለሁ፤ ሚስቱ ነሽ።»

«ማን ይመሰክራል?» አልኩት።

«አንቺ ራስሽ» አለኝ። «ሃያ ዓመት በሚዛንሽ ሸጫለሁ።»

እጅ ተጨባበጥን። ነገሩ ለእኔ ያን ጊዜ ተቆረጠ። ለመዝናናት መሄድ አላውቅበትም፤ እንዴት እንደሚጀመርም አላውቅም። አንድ ነገር አይተሽ ነዪ ተብዬ ስላክ ግን እሄዳለሁ። ለእህል ጌዶም፣ ነቀምትም፣ ከዚያም አልፌ ሄጃለሁ። ይኼኛው ራቅ ይላል እንጂ ያው ነው። በማስታወሻዬ ላይ «ቀረ» ያልኩትን ሰረዝኩት።

ከዚያ በኋላ ዝግጅቱን እንደ ሥራ ያዝኩት። የማርፍበት ቤት ባለቤት ሴት ናት። እኔ በአማርኛ እያልኩ፣ ሳምራዊት ልጇን ታቅፋ በእንግሊዝኛ እየጻፈች፣ በስልክ መልእክት ተደራደርን። ሴትዮዋ ዋጋዋን አልቀንስም ብላ ሁለት ቀን ጠፋች። ኋላ ሙዝም እንደምትነግድ ስትነግረን፣ ሙዙ ሳይበስል ተቆርጦ ነው ወይስ በስሎ የሚጫነው ብዬ አስጠየቅኋት። ከዚያ ወዲያ ተግባባን፤ ቁርሱን ጨመረችልኝ። ከደሴት ወደ ደሴት የሚኬደው በጀልባ ነው፤ እንደኛ ሚኒባስ ሞልቶ ነው የሚነሣው ብላለች። ይህ ደስ አለኝ። የማውቀው ነገር ነው።

በመንገድ ላይ የማልፍበት አገር ቪዛ ፎቶ ጠየቀ፤ የቅርብ ጊዜ፣ ከጀርባው ነጭ። ባሕር ለማየት የምነሣው ፎቶ ባሕር የለበትም። አዲስ የተከፈተ ስቱዲዮ ገብቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከጋብቻችን ወዲህ ከአንተ ሌላ ያነሣኝ የለም። አገጬን በጣትህ ቀና እንደምታደርገው አድርጎ እስኪያስተካክለኝ ጠበቅሁ፤ ልጁ ጨርሻለሁ አለኝ። ፎቶው ደህና ነው፤ ቪዛውም ወጣበት። አገጬ ግን ዝቅ ብሏል።

ለቅሶህ ላይ የሚቀመጥ ፎቶህን ስንፈልግ የተገኘው የመታወቂያህ ብቻ ነበር። የከተማውን ሰው ሁሉ አንሥተህ ለራስህ አንድ የረባ ፎቶ አልነበረህም። ሸራው ፊት አብረን እንነሣ ስልህ «እኛ እውነተኛው ባሕር ጋ ነው የምንነሣው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ የለንም። እንደ ወቀሳ አትቁጠረው፤ የሆነውን ነው የምነግርህ።

ትናንት፣ የጥምቀት ሰው ተበትኖ ከተማው ጸጥ ካለ በኋላ፣ እትዬ ዘነበች መጣች። ይቅርታ አላለችም። ክዳን ባለው ዕቃ ጭኮ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ገብሱ በደንብ ተቆልቷል፤ ቅቤው አልተሰሰተበትም። «የዚያ አገር ምግብ አይታመንም። መንገድ ላይ ትቀምሺዋለሽ» አለች። ሻይ አልጠጣም ብላ ተነሣችና ከበሩ ላይ «ውሃው ጋ ስትደርሺ ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ። «መስፍን ልጅ ሆኖ ወንዝ ባየ ቁጥር መጀመሪያ የሚጥለው ጫማውን ነበር። ስንቱን ጫማ ውሃ ወሰደብን።»

ይህን አልነገርከኝም ነበር። ጻፍኩት።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ። ሻንጣዬ ትንሽ ነው። ባርኔጣህን ይዣለሁ፤ እዚያ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው ብለውኛል።

ፈጽሞ አልረሳህም ብዬ አልምልልህም። ሰው ይረሳል፤ የድምፅህ አንዳንድ ነገር ከአሁኑ እየሸሸኝ ነው። በእጄ ባለው ነገር ግን ቃል እሰጥሃለሁ። በየኅዳሩ ስምህ ይጠራል። ስመለስ ሸራህን አውርጄ በእህል ሱቄ ዋና ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ጆንያ አይደገፍበትም። የልጅ ልጅህ ቆማ መሄድ ስትጀምር የመጀመሪያ ፎቶዋን እዚያ ፊት ትነሣለች፤ አገጯንም ቀና የማደርገው እኔ ነኝ።

በውርርዱ ግን አላዳላልህም። ከውሃው ዳር ጫማዬን አውልቄ ቆሜ፣ ያየሁትን ያንኑ ለኦቦ ቶሎሳ እነግረዋለሁ። ሠዓሊው አጋንኖት ከሆነ አጋንኖታል እላለሁ፤ ሙክቱንም ከእኔ ይቀበላል። ሚዛን ስይዝ ወደ አንድ ወገን እንዲደፋ ተመኝቼ አላውቅም፤ ከእኔ ጋር የነገደ ሁሉ ይህን ያውቃል።

በዚህኛው ግን፣ መስፌ፣ እመኛለሁ።

አስካለ