አባታችን የተማሩባት ደብር

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ታዲዮስ፣ ጅማ።

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። ጤፉ ዘንድሮ መልካም ነው፤ ቀይዋ ላምም ወልዳለች።

እሑድ አባታችንን ይዤ በልጅነታቸው ድጓ ወደተማሩባት፣ በድንጋይ ግንብ ወደታጠረችው አሮጌ ከተማ ሄድን። ግንቡ በአንድ ወገን ፈርሷል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግን እንዳለች ናት። አርባ ዓመት የቀደሱት አባታችን ከሴቶቹ ጋር ሊገቡ ሲሉ አንዲት እናት “አባ፣ ይህ የሴቶች በር ነው” ብለው መለሷቸው። ፀሐዩ ዓይናቸውን ወግቷቸው ይሆናል። ውስጥ ገብተው ግን የመምህራቸውን ዜማ አንድም ሳይስቱ አዜሙት፤ ካህናቱ ሳይቀሩ ቆመው ሰሟቸው።

ስንወጣ መስቀላቸውን አውጥተው ሊባርኩኝ “ስመ ክርስትናሽ ማን ነው?” አሉኝ።

“ወለተ ሐዋርያት” አልኳቸው።

“መልካም ስም ነው። ማን አወጣልሽ?”

“አባቴ።”

“አባትሽን ያቆይልሽ” ብለው ባረኩኝ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከው ሩቅ ነው፤ ለጥምቀት ብትመጣ ደግ ነው። ስትመጣም መስቀላቸውን ከመሳለምህ በፊት ስምህን ቀድመህ ንገራቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

ሰላምታዬ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ በጤና ያግኝህ።

እህትህ ሥራነሽ