የግራ ትከሻ

…ከዚያ ከመስታወቱ ዞር ብለሽ፣ «ነይ እስቲ፣ ትንሽ አጠገቤ ተቀመጪ» አልሽኝ። እኔ ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዤ ነበር፤ አምስት ነበሩ፣ ምናልባት ስድስት። አፌን መክፈት ስላልቻልኩ በእጄ ወደ ውጭ አመለከትኩሽ፤ መኪናው መጥቶ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር። አንድ ደቂቃ፣ መጣሁ፣ ማለቴ ነበር። ስመለስ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል፤ አንቺም መሃላቸው ቆመሽ ትስቂያለሽ። ምን ልትነግሪኝ እንደነበር ሳልጠይቅሽ ይኸው ሠርግሽ አራት ዓመት ሞላው።

ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ በመጀመሬ ይቅር በይኝ። እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ያ ራስ ምታትሽ ተሻለሽ? መዝገብ የምትደረድሪበት ክፍል አቧራው አሁንም ያስነጥስሻል? እኔ ደህና ነኝ። በመቀስ የቆረጥኩት ጣቴ ድኗል፤ ጠባሳው ብቻ ክር ሲነካው ይሰማኛል። እጮኛዬም ደህና ነው። ይህን እንደምጽፍልሽ ግን አልነገርኩትም። ፖስታውን ወደ ቤትሽ ሳይሆን ወደ መሥሪያ ቤትሽ የላክሁት፣ እዚያ በቀጥታ እጅሽ ስለሚገባ ነው።

ባለፈው እሑድ የሠርግ ባዛር ሄድን። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ከበሩ ጀምሮ አበባ ሻጩ፣ መኪና አከራዩ፣ ዲኮር ሠሪው፣ ሁሉም በየጠረጴዛው ቆሞ «ሙሽሮች፣ በዚህ በኩል!» ይላል። ገና ቀለበት ካሰርን ሦስት ሳምንታችን ነው፤ በማያውቀኝ ሰው ሙሽሪት ስባል ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። አምስት ደርብ ኬክ ነበር። እጮኛዬ በጣቱ ነካ ቢያደርገው ካርቶን ሆኖ ተገኘ። ባለ ኬኳ፣ «እውነተኛው ለሠርጉ ዕለት ነው ወንድሜ፤ የዛሬውን የሚበላው ዓይን ብቻ ነው» አለችው። ሦስታችንም ሳቅን። እስከዚያ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በየጠረጴዛው ወረቀት ያስሞላሉ። የሙሽራው ስም፣ የሙሽሪት ስም፣ የሠርጉ ቀን። ከዚያ ይጠይቁኛል። ምን ዓይነት አበባ? «ነጭ ነው የምትወደው» ይላል እጮኛዬ። አዳራሽ ነው ወይስ ሜዳ? «አዳራሽ፤ ንፋስ አትወድም።» ሙዚቃው? «ለስለስ ያለ።» አልዋሸም እኮ። ነጭ እወዳለሁ፤ ንፋስም አልወድም። ቪዲዮ ቀራጩ ግን ካሜራውን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ሙሽሪት ምን ሆነች? አፏን ቤት ረስታ ነው የመጣችው?» አለ። እጮኛዬ ሳቀና፣ «ዝምተኛ ናት፣ እኔ አውቅላታለሁ» አለው።

እሱ መነጽር ሠሪ እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መስታወት እየቀያየረ፣ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ? አሁንስ?» ሲል የሚውል ሰው ነው። ለማያውቀው ሰው አንዱን ጥያቄ ሃያ ጊዜ ይደጋግማል። መጀመሪያ የወደድኩትም ለዚህ ነበር።

አውቅላታለሁ ያለበት ድምፅ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ለስላሳ ነበር። እኔ ግን ያንን ድምፅ ከዚህ በፊት የት ነው የሰማሁት እያልኩ አንድ ሙሉ መደዳ ጠረጴዛ ሳላይ አለፍኩ።

በመጨረሻ ቬሎ የሚያከራዩት ጋ ደረስን። ሴትዮዋ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ናት። እኔን ከላይ እስከ ታች አንዴ አይታ ልኬን አወቀች፤ የሙያ ሰው ነች። አንድ ቀሚስ አውርዳ፣ «ግቢ የኔ ቆንጆ፣ መጋረጃው ውስጥ ለክተሽ ውጪ» አለችኝ። ለበስኩት። ወገቡ ልክ ነው። ርዝመቱ ትንሽ ይቀረዋል። ግራ ትከሻዬ ግን ከፍ አለ። ወደ መስታወቱ ዞርኩ፤ አንድ ሰው ከኋላ በእጁ ያነሳኝ ይመስል ግራዬ ብቻ ከፍ ብሏል። ሴትዮዋ ራሷን በመጋረጃው አስገብታ፣ «ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስፈራሻል?» አለችኝ። አልፈራሁም፣ ቀሚሱ ነው አልኳት። ያኔ እውነት አልፈራሁም ነበር።

አውልቄ ገለበጥኩት። ገበሩ ሥር፣ ስፖንጁ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ግራጫ መስመር ያለበት ጨርቅ አየሁ።

እታለም፣ እንዲያ ያለ ትከሻ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው። በዘጠኝ ዓመትሽ ከአጥሩ ላይ ወድቀሽ አጥንትሽ ሲገጥም የግራሽ ዝቅ ብሎ ቀረ፤ ቬሎሽን ስሰፋልሽ ማንም እንዳያየው ከውስጥ ከፍ አደረግኩት። ስፖንጁን የለበጥኩት በአባባ ባለ ግራጫ መስመር ሸሚዝ ነበር። እሳቸው ለሠርግሽ ስላልደረሱ፣ «አባባ ትከሻሽን ደግፈው ይገባሉ» ብዬሽ፣ አንቺም እንዳታስለቅሺኝ፣ የፊቴ ቀለም ይበላሻል ብለሽ ጣራ ጣራ ታዪ እንደነበር አስታውሳለሁ። ቀለሙ ግን ተበላሸ።

ባለፈው ወር ደግሞ ስለ ቀለበቴ ስትጽፊልኝ፣ «ቬሎዬ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተሰቀለ ነው፤ ላውስሽ አልኩና አይሆንሽም ብዬ ተውኩት» አልሽኝ። ልክ ነሽ። አልሆነኝም።

ይህን ከየት አገኛችሁት ብዬ ሴትዮዋን ጠየቅኳት። «ባለ ቀሚሷ ራሷ ናት ያመጣችልኝ» አለች። «የሠርጉ ፎቶ እንኳ ገና የታጠበ አይመስለኝም። ዋጋ ልነግራት ስል አልሰማችኝም። ‹ብቻ ከቤት ይውጣልኝ› አለች። እኔ እኮ የማይከራከር ሰው ያስፈራኛል።» የሰማሁትን ነው የምጽፍልሽ። ስለመሸጥሽ አልወቅስሽም። ቀሚስ ይሸጣል። ደስተኛ ሰውም ይሸጠዋል።

ግን ትከሻው ላይ ሌላ ስፌት አለ። ከአንገቱ ሥር እስከ እጅጌው፣ አንድ ስንዝር ያህል። የእኔ አይደለም። ትንንሽ ልጆች ሳለን አባባ ሁለታችንን ከስፌት መኪናቸው ሥር አስቀምጠው በእጅ መርፌ ውስወሳ ሲያስተምሩን፣ ያንቺን አንስተው፣ «ይሄ ስፌት አይደለም፣ አጥር ነው!» ብለው የሳቁትን ታስታውሻለሽ? ወዲህና ወዲያ ያዘመመ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሁለቴ የተቋጠረ። ያ አጥር ነው። ሌላ ሰው ጽሕፈት ያውቃል፤ እኔ ስፌት አውቃለሁ።

የኮትሽ ቁልፍ ሲወልቅ እንኳ ኮቱን በፖስታ ቤት የምትልኪልኝ አንቺ ነሽ። መርፌ ስታዪ የሚያዞርሽ አንቺ። ይህን ብቻሽን ተቀምጠሽ ሰፋሽው።

ምስማር የያዘው ጨርቅ በማዕዘን ነው የሚቀደደው። ያረጀ እንደሆነ ደግሞ ጨርቁ ሳይሆን ክሩ ነው የሚበጠሰው። ይሄ ከሁለቱ አንዱም አይደለም፤ በእጅ ተይዞ የተጎተተ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ላይ ሠርቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልጽፍም።

ሴትዮዋ ስፌቱን በጣቴ ስዳስስ አይታ፣ «እኛ አልነካነውም» አለችኝ። «አያምርም፣ ግን አይለቅም። እንዲህ ተጠንክሮ የተሰፋ አይቼ አላውቅም።»

በዚህ መሃል እጮኛዬ ከመጋረጃው ውጭ ሆኖ፣ «ይሄንን ነው የምትፈልገው፤ በእኛ ስም ይመዝገብልን» ሲላት ሰማሁ። ያላየውን ቀሚስ። ወጣሁና፣ «እኔ እኮ ገና አልተናገርኩም» አልኩት። ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ከጎረቤት ጠረጴዛ ዞረው አዩን። ጆሮው ቀላ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ሲያፍር እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ፣ «እሺ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለኝ።

ስፒል በከንፈሬ የያዝኩ ይመስል ቆምኩ። እሱም ቆሞ ጠበቀኝ። ረጅም ጊዜ ጠበቀኝ፤ ይህንን ልደብቅለት አልፈልግም። መጠበቁን ወደድኩት። ግን ባለቤትሽም እኮ ከሠርጉ በፊት እየሮጠ ቀድሞ በር ይከፍትልሽ ነበር። እኔና አክስታችን ስንት ጊዜ በመስኮት እያየን፣ «ታድላ!» ብለናል። ጥሩነት ከውጭ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው። ገበሩ የሚታየው ሲገለበጥ ነው፤ ሰውን ደግሞ ሳይለብሱት መገልበጥ አይቻልም።

ከአዳራሹ ስንወጣ በእጃችን ሰባት ወረቀት ነበር። በሰባቱም ላይ የእኔና የሱ ስም ተጽፏል፣ የቀኑ ቦታ ባዶ ነው። ለምን እንዳልሞላሁት ጠየቀኝ። እታለምን ሳልጠይቅ ቀን አልቆርጥም አልኩት። «እሷማ ደስ ነው የሚላት፣ አውቃለሁ» አለ። አንቺን ሁለት ጊዜ ነው ያየሽ።

ስለዚህ ይኸው እየጠየቅኩሽ ነው። ደህና ነኝ የሚል ደብዳቤ እንዳትጽፊልኝ፤ እሱ በቂ አለኝ፣ መሳቢያ ሙሉ። ያን ዕለት አጠገቤ ተቀመጪ ብለሽ ልትነግሪኝ የነበረውን ንገሪኝ። እንዳገባ የምትመክሪኝ ከሆነ አግቢ በይኝ፤ አይሆንም ካልሽም አይሆንም በይኝ። ካልቻልሽ ምንም አትጻፊ፣ ራስሽ ነይ። ከስፌት ቤቱ በላይ ያለችውን ክፍል አጽድቻታለሁ፤ የጨርቅ ጥቅሎቹን ወደ ታች አውርጄ ሁለተኛ አልጋ አስገብቻለሁ። ቁልፏን በወረቀት ጠቅልዬ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። በማንኛውም ሰዓት ይከፍታል። መምጫሽን ማሳወቅ አያስፈልግሽም።

ቀሚሱን አልተከራየሁትም። የአባባን ጨርቅ ላወጣልሽ መተርተሪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ነበር፤ ሴትዮዋም ፈቅዳልኝ ነበር። አጥርሽን ለማፍረስ ግን እጄ እምቢ አለ።

በወጣሽበት በገባሽበት አምላክ ይከተልሽ። እንቅልፍሽን ሰላም ያድርገው። የአባባ ድጋፍ ከትከሻሽ አይለይ።

አፏ አሁን ከስፒል ባዶ የሆነው
ታናሽሽ

ፖስታውን ሳላሽገው፦ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ እቤት ትሆኛለሽ ብዬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወልኩ። ባለቤትሽ አነሳው። ደህና ናት፣ ተኝታለች፣ ምን ልንገርልሽ አለኝ። ምንም፣ ሰላም በላት አልኩት። «እሺ፣ እኔ እነግርልሻለሁ» አለ በዚያ በለስላሳ ድምፁ። ስልኩን ሳያስቀምጠው በፊት ከኋላው እርምጃ ሰማሁ፤ የግራ እግርሽን ከቀኙ ጠበቅ አድርገሽ እንደምትረግጪ አውቃለሁ። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት። ከዚያ በር ተዘጋ።