ፊትህን የሚያውቀው ስልክ

ልጄ፣ እንዴት ከረምክ? የሄድክበት ይቅናህ፣ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም እንደኔው እያቃሰተ ይሠራል።

የላክኸው ስልክ እህትህ ከገዛችልኝ ይሻል እንደሆነ በጓደኛህ አስጠይቀኸኛል። የእሷ ወፍራም ነው፣ ቶሎ ይግላል፣ ፎቶው ጉም ነው። ባትሪው ግን ሁለት ቀን ይቆያል። አሻራ ሲጠይቅ መርፌ የበላው አውራ ጣቴን እምቢ ስላለ በቁጥር እከፍተዋለሁ። ያንተ ቀጭን ነው፣ መስታወት ይመስላል፤ ካሜራውም ጉድ ነው ይሉኛል። እኔ ምኑን አየሁት? ልሞክረው ብለህ ያንተን ፊት ካላየ እንዳይከፈት አድርገህ ነው የላክኸው። እህትህ መክፈቻ ቁጥሩን ንገረን ብላ ስንቴ ጻፈችልህ፤ አልላክኸውም።

ቢቸግረን ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን አውርደን አሳየነው። ፊቱን አላውቀውም ብሎ ተዘጋ። እህትህ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅሁም። ከስንት ዓመት በፊት፣ የሄድክ ሰሞን የተነሳኸው ነው፤ እኔ የማውቀው ፊትህ ያ ብቻ ነው። ዛሬ ምን እንደምትመስል የሚያውቀው ስልኩ ነው።

ጤና ይስጥህ፣ ከሰው በታች አያድርግህ። ቁጥሩን ተወው፣ አትላከው። የስልኩን ባትሪ ሞልቼ አስቀምጬዋለሁ፤ መጥተህ በፊትህ ክፈትልኝ።

እናትህ