ክኒኔን ማን ነካው?

ማክሰኞ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ደብረ ብርሃን

ዛሬ የልጅ ልጄን አልማዝን በጠራራ ፀሐይ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ተኝታ አገኘኋት። ብጠራት፣ ብነቀንቃት አልነቃ አለችኝ።  በስንት መከራ ዓይኗን ገልጣ፣ ምላሷ እየተሳሰረ፣ "ትምህርቱ አድክሞኝ ነው እማማ" ትለኛለች።

"ትምህርት ምላስ ያስራል እንዴ አንቺ?" አልኳት።

ሐኪሙ ለእንቅልፍ ብሎ የሰጠኝን የክኒን ብልቃጥ ሄጄ ባየው ግማሽ ሆኗል።

"ማን ነካው?"

"ራስሽ ነሽ እንጂ! ትናንትም ስትውጪ አይቼሻለሁ።"

ዓይኔ እያየ ዋሸችኝ! እኔ እንደሆንኩ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ፣ እንቅልፍ ባጣም ልጸልይበት ብዬ፣ ክኒኑን እርግፍ አድርጌ ትቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ በምን ታውቃለች?

ለአባቷ ብናገር ይገድላታል። ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን እንደተኛች ትቀርብኛለች። የተረፈውን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት።

አመሻሽ ላይ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ መጣች። በር ላይ ሲንሾካሾኩ ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ።

"ደበቀችው" አለች የኔዋ።

"ምን ቸገረሽ፣ የኛም አያት ይኸው ክኒን አላቸው" አለቻት ያቺ።

የዚችን ልጅ አያት አላውቃቸውም። የት ሰፈር ይሆኑ?